አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

መስከረም 14

ዛሬም ሻይ ሳልጠጣ ዋልኩ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። የስፖርት መምህሩ ሻይ አፍልቷል። ስሙን ምላሴ እምቢ ስላለው በልቤ ፊሽካ ነው የምለው... ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆት አይቼ አላውቅም፣ ሲተኛም አያወልቀው ይሆናል። «ሻይ ልቅዳልህ?» አለኝ። «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩ፣ እንዳደግኩበት። «እሺ» አለና ዞረ።

እሺ? ምን ማለት ነው እሺ?

ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሽ ቅመስ፣ ጉሮሮህን አርጥብበት፣ በሞቴ... ምንም የለም። ለራሱ ቀዳ፣ አማሰለ፣ ፉት እያለ ስለ እግር ኳስ ያወራኝ ጀመር። ሲጨርስ የተረፈውን ማጠቢያ ውስጥ ደፋው። ዓይኔ እያየ!

ጠልቶኝ ይሆን? ምን አደረግኩት? መኖሪያችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ከባለቤቴ ጋር በስልክ ስጮህ ሰምቶ ተቀይሞ ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት ስለ በረሃ አስተማርኩ። አገሬ እያለሁ ጂኦግራፊ ሳስተምር በረሃን በጠመኔ ስዬ ነበር የማልፈው። አንድ ግመል፣ ሁለት ጉብታ አሸዋ፣ አለቀ። እነዚህ ልጆች በመስኮት እያዩት ምን ልሳልላቸው? ስጨርስ ፊት የተቀመጠችው ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የዛሬው አሰልቺ ነበር» አለችኝ፣ ያውም በፈገግታ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል?

መስከረም 17

የቀዝቃዛው ቧንቧ የሚያወጣው የፈላ ውሃ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው በርሜል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ስለሚውል። ራሴን ልታጠብ ገብቼ ልላጥ ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ ፊሽካ እየሮጠ መጣና ዘዴውን አሳየኝ፤ ማሞቂያውን አጥፍቶ ከሙቁ ቧንቧ መታጠብ ነው። ማሞቂያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ውሃው ሲቆይ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ስትፈልግ ሙቁን፣ ሙቅ ስትፈልግ ቀዝቃዛውን... ይሄን አገር ገልብጠው ነው የሰሩት።

ግን እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው ሻይ የሚነፍገኝ ለምንድን ነው?

መስከረም 21

አልሞትኩም። ለጥቂት ነው።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መንገዱ ላይ ድመት እንኳን የለም። ከአገር ቤት ያመጣሁትን የዝናብ ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ ተማሪዎቼ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆነው ሳቁብኝ። በግድግዳው ጥግ፣ ጥላዋ እግሬን በምታክልበት ቦታ ተለጥፌ መሄድ ጀመርኩ። ዳይሬክተሩ መኪናውን አጠገቤ አቆመ፣ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ከውስጥ የወጣው ቅዝቃዜ ፊቴን ሳመኝ። «ላድርስህ?»

ምን ብል ጥሩ ነው? «አይ፣ አይቸገሩ፣ ቅርብ ነው።»

«እሺ፣ መልካም ቀን።» መስታወቱ ወጣ። መኪናው ሄደ።

እጄን ወደ በሩ መያዣ ዘርግቼ ነበር እኮ። የተዘረጋ እጄን የት ላድርሰው? ራሴን አከክኩበት።

ቤት ስደርስ ግድግዳው ሁለት ይመስለኝ ነበር።

መስከረም 22

ራሴን ስላመመኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ የአገሬ ልጅ ናት፣ እዚህ ከርማ ከርማ ጠጉሯ ሸብቷል። ሲስተር እላታለሁ። ግንባሬን ዳሰሰችና በውሃ የተበጠበጠ ጨውና ስኳር አጠጣችኝ።

«በዚህ ፀሐይ በእግር? ማን ጨክኖ ለቀቀህ?»

«ዳይሬክተሩ ላድርስህ ብሎኝ ነበር...»

«እና?»

«አይቸገሩ አልኩ።»

ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ። ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። «መምህር፣ ስማኝ። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው። ከፈለግክ አዎ፣ ካልፈለግክ አይ። ሁለተኛ ዙር የለም።»

«በሞቴ የሚል የለም?»

«በሞቴ ብትላቸው አምቡላንስ ይጠራሉ።»

«ይሉኝታ የላቸውም ማለት ነው?»

«ያመኑህ እኮ ነው! አይ ስትል እውነትህን ነው ብለው። እኔም የመጣሁ ሰሞን እንዳንተ ስሽኮረመም ከስቼ ቀሚሴ ከላዬ ሊወልቅ ደርሶ ነበር።»

ስለዚህ ፊሽካ አልጠላኝም። አመነኝ። በማመን የተነሳ በጥም ሊገድለኝ ነበር።

መስከረም 25

ዓይኔን በጨው ታጥቤ መምህራን ክፍል ገባሁ።

«ሻይ...» ሲል «አዎ!» አልኩ። ሰውየው ደነገጠ። ቀዳልኝ። «ብስኩት...» «አዎ!» ሰጠኝ። እንዴት ቀላል ነው! ማንም አልታዘበኝም፣ ጣሪያው አልተደረመሰም። ሶስት ብስኩት በላሁ። አራተኛውን ያነሳሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው... እሱን ሲስተር አልፈቀደችልኝም፣ የራሴ ፈጠራ ነው።

ጥቅምት 3

አዎ ማለት ሱስ ነው ለካ። ላድርስህ? አዎ። ሳንድዊቼን ላካፍልህ? አዎ። የሂሳብ መምህሯ ለጨዋታ ያህል «ትንሽ ወፍረሃል?» አለችኝ፣ እሱንም አዎ አልኩ።

ትናንት ግን ተያዝኩ። ፊሽካ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ሳልሰማ አዎ ብያለሁ። ለካ የጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹን አብሬው እንዳስሮጥ ነው። ዛሬ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ሮጥኩ ማለት አልችልም። ከልጆቹ አንዱ «መምህር፣ ቁጭ ይበሉ፣ እንደሮጡ እንቆጥርልዎታለን» አለኝ።

ጥቅምት 11

ታሪካዊ ቀን። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ «ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ክፍል ትይዛለህ?» አለኝ። አገር ቤት ቢሆን አንገቴን ደፍቼ «እስቲ እናያለን» እል ነበር፣ ከዚያ እይዛለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እራገማለሁ። ዛሬ ግን «አይ» አልኩ። ፊት ለፊት። ለአለቃ!

«እሺ» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

በቃ? ይሄው ነው? ስንት ዓመት ነው በከንቱ የተሸበርኩት?

ለባለቤቴ ደወልኩና አወራኋት። አፌን ሞልቼ ተመጻደቅኩ። «እኛ እኮ በይሉኝታ ነው ያለቅነው። ሰው የሚፈልገውን ለምን ፍርጥ አድርጎ አይናገርም?» እሷ ስፌት ላይ ነበረች፣ የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። «አዋቂ ሆነሃላ» አለችኝ። አነጋገሯ ምስጋና መሰለኝ።

ጥቅምት 19

ከግቢው ጀርባ ካሉት የቤተሰብ ቤቶች አንዱ ሊለቀቅ ነው! ስመጣ ዳይሬክተሩ ሲለቀቅ እነግርሃለሁ ብሎኝ ነበር፣ ለባለቤቴም ያን ጊዜ ነግሬያት ነበር። ዛሬ ጠራኝ። «ቤተሰብህን ካመጣህ ያንተ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አሳውቀኝ፣ ሌላ ጠያቂ አለ።»

ሄጄ አየሁት። ሁለት መኝታ፣ መስኮት ያለው ኩሽና፣ በሩ ላይ ጥላ የምትሰጥ አንዲት ዛፍ። ትንሿ ክፍል ውስጥ ቆሜ የልጄ የሚጢጢ አልጋ የት እንደሚሆን በእግሬ ለካሁ። ልጄን ካቀፍኳት ስንት ጊዜዬ ነው? ጥርሷ ወልቆ ሌላ ሲበቅል በስልክ ነው ያየሁት። ባለቤቴ ዛፏ ስር ተቀምጣ ጫፍ ስትዘመዝም ታየኝ። ነገ እደውላለሁ።

ጥቅምት 20

ደወልኩ። ስለ ቤቱ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ትመጫለሽ?» አልኩ።

«እኛ እዚህ ምን ጎደለን? አንተ ብቻ ደህና ሁንልን። ለእኛ ብለህ አትቸገር።»

«አይሆንም ማለትሽ ነው?»

«ምን እናደርግልሃለን እዚያ ድረስ መጥተን... ይቅርብን።»

ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ግን ሰው ያለውን ማክበር አለብኝ አይደል? ጠየቅኩ፣ መለሰች። መለማመጥ፣ ማስጨነቅ የድሮ ነገር ነው።

«እሺ» አልኩ።

«እሺ?» አለች።

«እሺ። ፍላጎትሽን አከብራለሁ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ መሰለኝ።

ጥቅምት 21

ለዳይሬክተሩ አይ አልኩ። ቤቱን ለፊሽካ ሰጠው። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ግን የጠየቀ እሱ ነው። የአዲሱ ቤት ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ እስኪጠገንለት ድረስ ገና ጎረቤቴ ነው። ቁልፉን ፊሽካው ላይ አንጠልጥሎ ሲሄድ ይንቃጨላል።

ጥቅምት 27

ባለቤቴ ምን ሆናለች? «እንዴት ነሽ?» «ደህና።» «ስራ እንዴት ነው?» «ደህና።» «ምን በላችሁ?» «ምግብ።»

ኔትወርኩ እንዳልሆነ ገባኝ። ግን ምን አጠፋሁ? ያለችውን አይደል ያደረግኩት?

ህዳር 2

ዛሬ ስልኩን ያነሳችው ሚጢጢ ናት። እናቷ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች።

«አባዬ፣ እሺ ማለት ጥሩ ነገር አይደል?»

«ጥሩ ነው እንጂ።»

«ታዲያ አንተ እሺ ስትል እማዬ ለምን አለቀሰች?»

ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ለካ ቤቱ ሊለቀቅ ይችላል ካልኳት ጊዜ ጀምሮ ዝግጅት ላይ ናቸው። ሚጢጢ ለፓስፖርት ፎቶ ጠጉሯን ተሰርታለች። ባለቤቴ የሰው ልብስ መቀበል አቁማ ለልጇ ስስ ስስ ቀሚስ ስትሰፋ ነበር፣ ለሙቀት አገር። ሻንጣ እንኳን ከእህቷ ተውሳ አልጋ ስር አድርጋለች።

«አሁን ሻንጣውን መልሰነዋል» አለችኝ ልጄ። «ቀሚሱን ግን እቤት እለብሰዋለሁ። ይበርደኛል።»

ስንት ጊዜ ነው የጠየቅኳት? አንዴ። እኔ! በሰርጋችን ዋዜማ እንኳን ራት ብይ ሲሏት ስንቴ ተለምና የበላችውን ሴት አንዴ ጠይቄ «ፍላጎትሽን አከብራለሁ»...

አንተ ደንቆሮ።

ህዳር 3

ሲስተር ጋ ሄድኩ። የሚያም ነገር የለኝም፣ መሰደብ ፈልጌ ነው። አላሳፈረችኝም።

«እኔ ለእነሱ አልኩህ እንጂ ለሚስትህ አልኩህ? ይቅርብን ስትልህ እሺ ትላለህ?»

«አይ ያለ ይታመናል አላልሽም?»

«እሷ እዚህ አገር ናት? አንተ ሰው፣ የሰው አገር ልብስ ለብሰህ በገዛ ቤትህ ትገባለህ እንዴ! ሴትየዋ እኮ የምትፈልጋት መሆንህን ልታይ ነው። ቤት ስለተገኘ ነው ወይስ ስለናፈቅኩት? እሱን ነው የጠየቀችህ። አንተ ምን መለስክ? እሺ!»

የሰራሁት ይሄ ነው። ሂድና ለምናት አለችኝ። መድኃኒት ብላ አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ።

ህዳር 5

ልመና ጀመርኩ። አልጋዬ ላይ ቆሜ፣ ኔትወርኩ እዚያ ስለሚሻል።

«በሞቴ ነይ!»

«ተው እንጂ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አፈር ስሆን! ያለ እናንተ ይሄ ቤት ቤት አይደለም። ምግብ አልበላ አለኝ።» (ይሄ ውሸት ነው። ብስኩቱን ሲስተርም ታውቃለች።)

«ፍላጎቴን አታከብርም ማለት ነው?»

«አላከብርም!»

የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ «አይሆንም» ብላ ዘጋች።

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። ፊሽካ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዟል፣ ፊቱ ገርጥቷል። «ማን ሞተብህ?» አለኝ። በሞቴን በግድግዳው በኩል «ቤሞቲ፣ ቤሞቲ» ብሎ ሰምቶት ጩኸቴ ሀዘን መስሎታል። ማንም አልሞተም፣ እንዲህ ማለት ካልመጣሽ ልሙት ማለት ነው አልኩት። አሰበበት። «ለሻይም ትሉታላችሁ?» አለኝ። ለሻይም፣ ለጉርሻም፣ ለወንበርም አልኩት።

«እና እንዴት በሕይወት ተረፋችሁ?»

ህዳር 7

አማቴ ጋ ደወልኩ፣ አማላጅ ፍለጋ።

«እማማ፣ ልጅዎ እምቢ አለችኝ።»

«ስንት ጊዜ ለመንካት?»

«አራቴ።»

«እና አራቴ ለምነህ ነው ደክሞኛል የምትለው? እኔ ለአባቷ እሺ ያልኩት ሽማግሌዎቹ ጫማቸው ካለቀ በኋላ ነው። ገና ነህ ልጄ። ደግሞ ድምፅህን አትቀንስ፣ ጎረቤት ይስማ፣ ያን ጊዜ ነው ደስ የሚላት።»

ጎረቤቴማ እየሰማ ነው። ዛሬ ጠዋት ሜዳ ላይ ፊሽካ ለልጆቹ «አንድ ዙር ጨምሩ፣ ቤሞቲ!» ሲል ሰማሁት።

ህዳር 9

ጉድ ፈላ። ዛሬ ልመናው መሃል ትዝ ያለኝ ነገር... ኑ እያልኩ የምለምንበት ቤት የለኝም! ለፊሽካ ተሰጥቷል። እሺ ብትለኝ የት ላስገባት ነው? እኔ ክፍል? ሻንጣው ከገባ እኔ እወጣለሁ።

ፊሽካን አግባብቼ ማስለቀቅ አለብኝ። ግን እንዴት ይባላል? የተሰጠውን ሰው መልስ ይባላል እንዴ? በዘዴ ላድርገው ብዬ ሻይ ላይ ጀመርኩ።

«ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፋ አይልም?»

«ሰፊ ነው። ደስ ብሎኛል።»

«ያ የኩሽና መስኮት... ለብቻህ ምን ያደርግልሃል?»

«አየር ያስገባል።»

«ግቢው ልጅ ቢሯሯጥበት ያምር ነበር።»

«ልጅ የለኝም» አለኝ፣ የማላውቅ ይመስል።

ድንጋይ! ዛሬ እንኳን ነገሩ ቢገባው ምን አለበት?

ህዳር 12

ስለ መስኮቱ ሶስተኛ ቀን ሳወራ ፊሽካ ተነስቶ ሊሄድ ሆነ። ቢሄድ ቀረ። ኤሲው ተጠግኗል፣ ነገ እቃውን ሊያስገባ ነው። የመምህራን ክፍሉ ኤሲ እየሰራ እኔን ላብ አጠመቀኝ። አንዴ ነው የሚጠየቀው ከተባለ፣ እኔም አንዴ ፍርጥ አድርጌ ልጠይቅ።

«ቤቱን እፈልገዋለሁ» አልኩ። «አይ ያልኩት በስህተት ነው። ሚስቴንና ልጄን ላመጣበት እፈልጋለሁ። ልቀቅልኝ።»

ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት? እናቴ ብትሰማ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ትል ነበር።

ፊሽካ አየኝ። ሻዩን ጨረሰ።

«እሺ» አለ።

ያው እሺ! መስከረም ላይ የጠላሁት እሺ። ቁልፉን ከፊሽካው ላይ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልስመው ስል ወደ ኋላ አለ። «ሶስት ቀን ሙሉ ስለ መስኮት ያወራኸኝ ይሄን ለማለት ነው?» አለኝ። «መስኮቱ የተሰበረ መስሎኝ ትናንት ሄጄ አየሁት እኮ።»

ህዳር 13

አሁን ደግሞ ዳይሬክተሩ።

«ግን አይ ብለኸኝ ነበር።»

«ያ አይ ሚስቴ ይቅርብን ስላለች ነው። የእሷ ይቅርብን ግን አዎ ነበር።»

መነጽሩን አወለቀ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው አይ ለወግ ያህል እንደሆነ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ፣ ከዚያ ፊቱ በራ።

«ስለዚህ የቅዳሜውን ክፍል አልይዝም ያልከኝ...»

«እሱ የእውነት አይ ነው!»

«በምን አውቃለሁ ታዲያ?»

«ሁለቴ ይጠይቁ» አልኩት። ቤቱን ፈቀደልኝ። ስወጣ «ቅዳሜ ትይዛለህ?» አለኝ። አይ አልኩት። ረክቶ ራሱን ነቀነቀ።

ህዳር 16

ቤት አለኝ፣ ቤተሰብ የለኝም። ባለቤቴ አሁንም አይሆንም ነው የምትለው። አሁን ፍርሃት ገባኝ። የወግ አይሆንም መቼ አብቅቶ የእውነቱ መቼ ይጀምራል? ቂም ቢሆንስ? እውነትም ባትፈልገኝስ? ደውዬ ወጉን ሁሉ ተውኩት። በሞቴም አላልኩ።

«ስሚኝ። ቤት ስለተገኘ አይደለም። እዚህ ሰው ሁሉ ያለኝን ያምነኛል፣ አይ ካልኩ አይ ነው። ያልተናገርኩትን የሚያውቅ ሰው የለኝም። አንቺን ነው የማጣው። የዚያን ቀን እሺ ያልኩሽ ጊዜ ራሴንም አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ነይልኝ።»

የስፌት መኪናውን ስታቆም ሰማሁ።

«አይ... እንግዲህ» አለች፣ ድምፅዋ ወፍሮ። «እኔ እዚያ መጥቼ ምን እሰራለሁ...»

ተስፋዬ ሊሞት ነበር።

«ለመሆኑ» አለች ቀጥላ፣ «ያ የኩሽና መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?»

የማትመጣ ሴት ስለ መስኮት ትጠይቃለች?

«ወደ ሰሜን!» ብዬ ጮህኩ። «ቀኑን ሙሉ ብርሃን ይገባል፣ ፀሐይዋ ግን አትገባም። ለስፌት ተብሎ የተሰራ ነው!» ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ጂኦግራፊ ዛሬ ጠቀመኝ። ከጀርባ የአማቴ እልልታ ተሰማ። ቀድሞውኑ ስልኩ ላይ ተደፍተው ሲሰሙ ነበር ለካ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «መጣች?» ይላል ፊሽካ።

ታህሳስ 10

ወረቀቱ ተጀምሯል። ሻንጣው እንደገና ከባለቤቴ እህት ተዋሰ። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር ስለ ቅዳሜው ሁለቴ ይጠይቀኛል፣ ሁለቴ አይ እላለሁ፣ ደስ ብሎን እንለያያለን። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ጥር 1

ነገ ይገባሉ። ቤቱን ጠረግኩ። አሸዋ። እንደገና ጠረግኩ። አሸዋ። በበሩ ስር እርጥብ ፎጣ አደረግኩ። ፊሽካ የሚጢጢን አልጋ በጀርባው ተሸክሞ አመጣልኝ፣ ሳልጠይቀው። ይሄ ሰው እየተበላሸ ነው መሰለኝ።

ጥር 3

ገብተዋል። ባለቤቴ ስታየኝ መጀመሪያ ያለችኝ «ወፍረሃል፣ አልበላ አለኝ ያልከው እንዲህ ነው?» ነው። ከዚያ አንገቴ ስር ገብታ ቆየች።

ሚጢጢ በታክሲው መስኮት ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ አሸዋ የማን ነው? ምን ሊሰሩበት ነው?» አለችኝ። አሸዋ የምታውቀው ቤት የሚሰራ ሰው በር ላይ ተቆልሎ ነው። ማንም ሊሰራበት አይደለም አልኳት። ታዲያ ለምን አመጡት አለች።

ጥር 8

ዛሬ ባለቤቴንና ልጄን ትምህርት ቤት አመጣኋቸው፣ ለማስተዋወቅ። ዳይሬክተሩ፣ ሲስተር፣ ፊሽካ፣ ሁሉም መምህራን ክፍል ተሰብስበዋል። ባለቤቴ ራሷ የሰፋችውን ስስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጉሮሮዋ መድረቁን አውቃለሁ። ጠዋት ምንም አልቀመሰችም፣ ፈርታ።

ፊሽካ ሻይ አፍልቶ በትሪ ይዞ መጣ። «ሻይ?» አላት።

እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፣ የእጇን ግን ሁሉም አወቀው።

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። አዎ ብላለች ልል ነበር፣ ዓይኔን ሳላሽ። ሲስተር ግን በክርኗ ጎሸመችኝ። ዝም በል።

ፊሽካ እንደ ልማዱ ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ሲያስብ ጀርባው ያስታውቃል። ተመልሶ መጣ፣ ትሪውን ዝቅ አደረገ፣ ያ ሁሉ ቁመት ጎንበስ አለ።

«ቤሞቲ» አላት።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ዓይኗ ነው የሳቀው። ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ። «ኧረ አትሙትብኝ!» ብላ ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊሽካ ጎል እንዳገባ ሰው እጁን ወደ ላይ አደረገ፣ ሚጢጢ አጨበጨበችለት። ሲስተር መነጽሯን አውልቃ ታብሳለች፣ አቧራ ነው እያለች።

እኔን ምን እንደነካኝ አላውቅም። ዓይኔ ሞልቷል። ፊሽካ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ?» ሲለኝ ሳላስበው፣ ከአፌ አምልጦኝ፣ «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩ።

«እሺ» አለና ትሪውን ይዞ ሄደ!

ለእሷ ሁለቴ፣ ለእኔ አንዴ። ይሄ ፍርድ ነው?

ባለቤቴ ግማሽ የደረሰ ስኒዋን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። «እንካ፣ ጠጣ» አለችኝ።

«አይ፣ ጠጪ አንቺ።»

«በሞቴ።»

ጠጣሁ።